ኦቲስ ሁለት ዓመት የሆነበት ሐሙስ

እኔ አርባ ሁለት ልጅ በትምህርት ቤት አውቶቡስ ጭኜ የምመላለስ ሴት ነኝ። በመስታወቱ አንዴ ገልመጥ ካደረግኋቸው እስከ ኋላው ወንበር ድረስ ጸጥ ይላሉ። አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ግን ስምንት ወር ሙሉ አሸንፎኛል። ኦቲስ ይባላል፤ የባሌ የግራንት ልጅ ነው። እናቱ አሪዞና ሄዳ ሌላ ኑሮ ከጀመረች በኋላ ነው እኔ ወደዚያ ቤት የገባሁት። ታናሽ እህቱ ፐርል ሁለት ዓመቷ ነው። እሷ ከማንም እጅ ትበላለች፤ ካልተጠበቀች ከወለልም ላይ ትበላለች። ኦቲስ ግን እኔ ያቀረብኩትን አይነካም። አባቱ ከሥራ እስኪገባ ጦሙን ይጠብቃል። ባለጌ ልጅ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። እሱ ግን "አመሰግናለሁ ኖሪን፣ አልራበኝም" ነው የሚለኝ፣ በጨዋ ደንብ፣ ሆዱ እየጮኸ።

ስለዚህ ግራንት "ፍሎሪዳ፣ አዞው መንደር የሚሉት የልጆች መዝናኛ እንሂድ" ሲል እሺ ያልኩት አዞ ናፍቆኝ አይደለም። አምስት ቀን እኔ ያላበሰልኩትን ምግብ አንድ ጠረጴዛ ላይ ስንበላ ምናልባት ይለምደኛል ብዬ ነው። አንዲት ጉርሻ ከእጄ ቢቀበለኝ ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር።

ግራንት የምግብ ጥቅሉን የያዘው ከስድሳ ቀን በፊት፣ ከዶሮ ቀድሞ ተነስቶ ነው። ጥቅሉ ማለት ከፐርል በቀር ሁላችንም እጃችን ላይ የላስቲክ አምባር እናስራለን፤ በቀን ሁለት ትልቅ ማዕድና ሁለት መክሰስ ይገባናል፤ ያልተበላው ሲነጋ ይሰረዛል። ይህቺ "ይሰረዛል" የምትባለው ቃል ባሌን ሌላ ሰው አደረገችው። ሰኞ ጠዋት የሰው ክንድ የሚያክል የተርኪ ዶሮ እግር ይዞ አገኘሁት።

"ግራንት፣ ገና ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው እኮ።"

"ሆዴ ሰዓት አያውቅም፤ ጥቅሉ ግን ያውቃል" አለኝና ቀጠለ።

እዚያ ቦታ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሶ ነው የሚዞረው። የኛን ያሠራው ግራንት ነው። አረንጓዴ ሆኖ ደረቱ ላይ "የሃልቨርሰን ጦር፦ ርቦናል!" ይላል። ኦቲስም ለበሰው። "ርቦናል" የሚል ልብስ ለብሶ፣ እጁን አጣምሮ፣ በአዞ ቅርጽ የተጠበሰ የዶሮ ቁራጭ ፊት ለፊት አራት ቀን ተቀመጠ። ይባስ ብሎ እቤት ቢያንስ ከአባቱ እጅ ይበላ ነበር፤ እዚህ ያንንም ተወው። ወተትና ፈንዲሻ ባይኖር ኖሮ ልጁን በአልጋ ነበር የምንመልሰው።

አዞው መንደር ውስጥ ሕጉ ግልጽ ነው። ከሦስት እስከ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጅ የራሱ ሳህን አለው። ከሦስት በታች የሆነው ሳህን የለውም፤ ከትልቅ ሰው ሳህን ይበላል። የልጅ ሳህን ደግሞ ለሌላ አይተላለፍም። ግራንት ከኦቲስ ሳህን አንዲት የዶሮ ቁራጭ ሊያነሳ ሲል አስተናጋጃችን ሮዛሊ እጁን ያዘችው።

"ጌታዬ ይቅርታ፣ የልጅ ሳህን የልጁ ብቻ ነው።"

"ልጁ አይበላም እኮ!"

"ይታሸግለታል።"

ታሸገለት። ማክሰኞ አራት ካርቶን ሆነ፤ ረቡዕ ስድስት። ፐርል በእግሯ ሄደች፤ ጋሪዋ ላይ ዶሮው ተቀመጠ። ፀሐዩ እንደ ምጣድ ነበር፤ ከኋላችን ነጫጭ ወፎች በሰልፍ ይከተሉናል። አንዲት ሮዝ ካናቴራ የለበሰች እናት ሰልፍ ላይ አይታን፣ "አይዞሽ እህቴ፣ የኔው ዘጠኝ ቀን ሙሉ ካቻፕ ብቻ ነው የላሰው፤ አሁን ጠበቃ ነው" አለችኝ።

ሻምበል አዞ የሚባለው ደግሞ አለ። ሽርጥ የታጠቀ፣ ውስጡ ሰው ያለበት አዞ ነው። መናገር አይፈቀድለትም። ሳህኑን ለጨረሰ ልጅ ያጨበጭባል፤ ላልጨረሰው አጠገቡ ተቀምጦ ዓይኑን እየጠረገ ያለቅሳል። የአዞ እንባ ሲባል እሰማ ነበር፤ በቀን ሁለቴ ጠረጴዛዬ ላይ ሲፈስ ያየሁት ግን ያኔ ነው። ኦቲስ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ "አይዞህ፣ ስላልራበኝ ነው እንጂ አንተን ጠልቼ አይደለም" ይለዋል።

ሐሙስ ምሳ ላይ ነገሩ ተገለበጠ።

"ሮዛሊ" አለ ኦቲስ፣ "ፐርል ለምንድን ነው ሳህን የሌላት?"

"ሁለት ዓመቷ ነዋ፣ የኔ ቆንጆ። ሁለት ዓመት የሆነ ሰው ከትልቅ ሰው ሳህን ነው የሚበላው።"

ልጁ ይህን አኘከው። በአራት ቀን ውስጥ በደንብ ያኘከው ነገር ይኸው ነው።

"እኔም ሁለት ዓመቴ ነው" አለ።

ግራንት ሹካውን እንደያዘ፣ "ባለፈው ወር አምስት ሞላህ እኮ! ሻማውን እፍ ያልከው አንተ ነህ!"

"ተሳስቼ ነው።"

እኔ ምን እንደማደርግ አላሰብኩም። ከሳህኔ ላይ ዓሣ ቆረስኩና በሹካ ወደ አፉ አስጠጋሁ። ከፈተ! አፉን ከፈተ! ሹካዬ ከንፈሩ ጋር ሊደርስ አንድ ጣት ሲቀረው የሮዛሊ እጅ መሃል ገባ።

"እመቤቴ ይቅርታ! አምባር ያሰረ ልጅ ከራሱ ሳህን ነው። ቢያዩኝ ከሥራ ያባርሩኛል።"

አፉ ተዘጋ። ስምንት ወር የጠበቅኩት አፍ በአንድ ላስቲክ ምክንያት ተዘጋብኝ። ደሜ ፈላ። ኦቲስን በአንድ እጄ፣ ፐርልን በሌላው አንጠልጥዬ "አለቃሽ የት ነው የሚቀመጠው?" አልኩ። ግራንት ኬኩን በናፕኪን ጠቅልሎ ተከተለን።

የእንግዶች ጉዳይ ቢሮ ፊት ያለው ሰልፍ በሙሉ ልጁን ሁለት ዓመት ለማስባል የመጣ ነው፤ ሁለት ዓመት ነጻ ነዋ። ከፊታችን አንድ ሰውዬ እግሩ እስከ አባቱ ጉልበት የተንጠለጠለ ልጅ ታቅፎ፣ አፉ ላይ ጡጦ ሰክቶለታል። ልጁ ጡጦውን አወጣና "አባዬ፣ የዋይፋዩ ቁጥር ስንት ነው?" አለ።

መስኮቱ ላይ ያሉት ሚስተር ፌንዊክ አዞ የተሳለበት ከረባት ያሰሩ ሽማግሌ ናቸው። "ሁለት ዓመቱ ነው?" አሉ።

"በመጋቢት ሦስት ይሞላዋል" አለ ሰውዬው።

"ጥርሱ በሽቦ ታስሯል።"

"ቶሎ ነው ያበቀለው።"

"ቀጣይ!" አሉ ሚስተር ፌንዊክ።

ቀረብኩ። "ይህ ልጅ አምስት ዓመቱ ነው" አልኩ።

እስክሪብቷቸው ወደቀ። "ምን አሉ እመቤቴ?"

"አምስት። ሁለት እንዲሆንልኝ እፈልጋለሁ።"

"የከፈሉት እንዲመለስልዎ?"

"አልፈልግም።"

"በነጻ መጫወቻ?"

"አልፈልግም! ከትልቅ ሰው ሳህን እንዲበላ ብቻ ነው የምፈልገው።"

ሽማግሌው እንደ ሌባ አዩኝ። "ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ መስኮት ላይ ተቀምጫለሁ" አሉ፣ "እውነት ተናግሮ የመጣ ሰው ሲያጋጥመኝ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ አላለኝም።" አለቃቸውን ጠሩ። አለቃቸው የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ናት፤ ጡብ የሚያክል የደንብ መጽሐፍ ይዛ መጣች። ሁለቱ ተደፍተው አነበቡ። ልጅ በገዛ ፈቃዱ ዕድሜውን ወደ ኋላ እንዳይመልስ የሚከለክል አንቀጽ የለም።

"ግን" አለች ልጅቷ ወደ ኦቲስ ጎንበስ ብላ፣ "አምባርህን ታስረክባለህ። ከእንግዲህ የምትሄደው በጋሪ ነው። የረግረጉ ባቡርም ላይ አትወጣም።"

በዚያ ባቡር ስድስት ጊዜ ሄዷል። እንቅልፉ ውስጥ እንኳ ፉጨቱን ያፏጫል።

"ባቡሩንም?"

"ባቡሩንም፣ ወዳጄ።"

የባቡሩ ፉጨት ወደሚሰማበት ዞር አለ። ተወው ልጄ፣ ሂድ ባቡርህን ንዳ ልለው ነበር። እሱ ግን ክንዱን ዘረጋ። "ቁረጪው" አለ።

ተቆረጠ። ሚስተር ፌንዊክ ቅጽ አወጡ። "ሕፃኑ የሚበላው ከአንድ ሰው ሳህን ነው። ከተመዘገበ አይቀየርም። የማን ይሁን?"

ይህን ማን ይጠይቃል? እስክሪብቶውን ይዤ "ግ" ብዬ ጀመርኩ። ግራንትም "የኔ ይሁን፣ ማታ የጎድን ጥብስ ነው" አለ።

"አይሆንም!" አለ ኦቲስ። "አባዬ ሁሉንም ብቻውን ነው የሚበላው።"

"ታዲያ ከማን?" አሉ ሽማግሌው።

"ከኖሪን። ፐርል እዚህ ከመጣን ጀምሮ ከኖሪን ጋር ነው የምትበላው። ለእኔ ግን ኖሪን እቤት ለብቻዬ ሳህን ሰጠችኝ።"

ሰጥቼዋለሁ። ሠርጋችን ባለቀ በሳምንቱ ባቡር የተሳለበት፣ ሦስት ቦታ የተከፈለ ሳህን ገዛሁለት፤ ካሮቱ ከሩዙ እንዳይነካካበት ብዬ። አክብሬው ነበር። እሱ ደግሞ ስምንት ወር ሙሉ "ለብቻህ" ስለው ነበር የሚሰማው። መስኮቱ ፊት፣ ያ ሁሉ ሰልፍ እያየኝ፣ አለቀስኩ።

"ዝምድና?" አሉ ሚስተር ፌንዊክ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው።

"የእንጀራ እናቱ ነኝ።"

ጻፉት፤ ማኅተም መቱበት።

ማታ ኦቲስ ጉልበቱ አገጩን እየነካ በፐርል ጋሪ ገባ፤ ካርቶኖቹ ወደ ቆሻሻ ሄዱ። ከዚያ ከሳህኔ በላ። ዓሣውን በላ፤ ዘሩን እንኳ የማይወደውን ፎሶሊያ በላ። ፐርል በግራ ትመዛለች፣ እሱ በቀኝ፤ ለእኔ የደረሰኝ አንድ ቁራጭ ሎሚ ነው። ሻምበል አዞ መጣ፤ የልጁን ሳህን ቢፈልግ የለም። ግራ ገብቶት ቆመና ለእኔ አጨበጨበልኝ። ግራንት ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሹካውን አስቀምጦ ልጁን ያያል።

"ኖሪን" አለ ኦቲስ አፉ እንደሞላ።

"ወዬ።"

"እቤት ስንመለስ ሁለት ነኝ ወይስ አምስት?"

"የፈለግከውን።"

አሰበበት። "አምስት ከሆንኩ ያንን ሳህን ትመልሺብኛለሽ?"

"በጭራሽ።"

"እሺ" አለ። "ድንቹ ይርቀኛል፤ ወደ እኔ ግፊልኝ።"

ገፋሁለት።