ለጎረቤት የማይነገር ሆድ

የመጀመሪያ ፅንሴ የጨነገፈው ጤና ጣቢያ ካርድ ባወጣሁ በሳምንቱ ነው። አማቴ ዙቤይዳ ምክንያቱን ለማወቅ ሐኪም አላስፈለጋቸውም። «ስትገቢ ሰው አይቶሽ ነው፤ ዓይን ነው» አሉ፣ አለቀ። በሁለተኛው እርግዝናዬ ሰባት ወር ሙሉ መንደራ ቆጪ ሰፈር ካለው ግቢያችን አልወጣሁም። ባሌ ፋሂም ቡና ሊገዛ ወደ ገራ ወርዷል፤ ቢኖርም ከእናቱ ቃል አይወጣም። ለጎረቤት «ሩፈይዳን ጨጓራ ይዟታል» ተብሏል። ጨጓራ ሆድ ሲያስገፋ ያየ ካለ ይንገረኝ!

የቀረልኝ ስልኬ ነበር። ሽንት ቤት ተደብቄ፣ ድምፁን አጥፍቼ፣ አንዲት አዋላጅ የምትለቃቸውን ቪዲዮዎች ከሥር ከሥር ጽሑፉን እያነበብኩ አያለሁ። ማንነቴን አታውቅም፤ የምወዳትም ለዚሁ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ። ፊቴ አበጠ፣ ቀለበቴ ከጣቴ አልወጣ አለ፣ ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል። ቪዲዮዋን ፈልጌ አገኘሁት፦ እነዚህን ያየች ነፍሰ ጡር ዛሬውኑ ሆስፒታል ትሂድ፤ ለእሷም ለልጁም ያሰጋል።

«ኡሚ፣ ዓይኔ ብዥ አለብኝ። ይሄንንም እንዳላጣው ፈራሁ፣ ሆስፒታል ይውሰዱኝ» አልኳቸው አማቴን።

«ማል ታቴ? ምን ሆንሽ? ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ አፍጥጠሽ ብዥ አይበልሽ? አምጪው!»

ተቀብለው ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። «ተኚ፤ ኢንሻአላህ ይተውሻል።»

ተኛሁ። ጣሪያው ይዞርብኛል። አሁን ማንን ልጠይቅ? ልጄ ከውስጥ ሲራገጥ ንዴት ያዘኝ፤ በእሳቸው ብቻ ሳይሆን በራሴም። ከሞትኩ በኋላ ዓይን ምን ያደርገኛል?

አማቴ ለዙህር ሶላት ሲቆሙ፣ ሆዴን የምሸፍንበትን ጋቢ ትቼ በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ፊት ለፊታችን ሱቅ ያላት እታገኝ ስኳር ትመዝናለች።

«እትዬ፣ እርጉዝ ነኝ! ታምሜያለሁ፣ ባጃጅ አስቁሚልኝ!»

ሚዛኑን ጥላ ሮጣ ባጃጅ አስቆመች። ደግፋ አስገባችኝና አጠገቤ ተቀመጠች። ስልኳን አውጥታ ለአንድ ሰው «ሆስፒታሉ በር ላይ ጠብቂን» አለች።

«ማንም እንዳያውቅ ተብሎ ነው» አልኳት እያለቀስኩ።

«ምኑን ነው የማናውቀው? ከሦስተኛ ወርሽ ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አማትሽ እንዲነገር ስላልፈለጉ አክብረን ዝም አልን እንጂ። አሁን የደወልኩላት ገላና የምትባል አዋላጅ ናት፤ ግቢዬ ውስጥ ተከራይታ ነው የምትኖረው። ‹ልግባና ልያት?› ስትለኝ ‹ይቅርብሽ፣ ይቀየሙናል› ያልኳት እኔ ነኝ።»

ከእኛ በር እስከ እታገኝ ግቢ ሠላሳ እርምጃ አይሞላም፤ እኔ ግን አዋላጅ የምፈልገው ስልክ ውስጥ ነበር። ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ድምፅ ከአፌ ወጣ።

«ፍጠንልን» አለችው ሹፌሩን።