ትራፊክ የሌለበት መስቀለኛ

ልጄ ጋሪዎቿ ሆስፒታል ውስጥ እየተፋጠጡ እንዳስቸገሯት ስትነግረኝ ሳቅሁባት። ምን ላድርግ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ትራፊክ ፖሊስ ነበርኩ፤ ጡረታ የወጣሁት የተፋጠጡትን ስገላግል ኖሬ ነው።

ጋሪዎቹ ያለ ሹፌር የሚሄዱ ናቸው። ንጹሕ አንሶላ ከልብስ ማጠቢያው ወደ ክፍሎቹ ያደርሳሉ፣ የቆሸሸውን ይዘው ይመለሳሉ። ነጭ በነጭ ተጭነው ቀስ እያሉ ስለሚሄዱ ነርሶቹ "ሙሽሮቹ" ይሏቸዋል። ልጄ ኢንጂነር ናት፤ የእሷ ሥራ የሙሽሮቹ ዓይን ነው። ዓይናቸው ካሜራ ነው፤ እኛ የማናየውን ብርሃን ብልጭ ያደርግና፣ ብርሃኑ የሆነ ነገር ነክቶ እስኪመለስ የፈጀበትን ጊዜ ለክቶ ግድግዳው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ሰውየው ምን ያህል እንደቀረበ ያውቃል። ጋሪው ለብቻው ሲሄድ እንከን አይወጣለትም። ጣጣው ሁለት ሲሆኑ ነው። ኮሪደር ላይ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ብርሃን የራሱ መስሎት ይቀበላል፤ ከፊቱ የሌለ ግድግዳ ይታየዋል፤ ቀጥ ይላል። ያኛውም እንዲሁ። በር ላይ "ይቅደሙ"፣ "ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ" እንደሚባባሉ ሽማግሌዎች ተገትረው ይቀራሉ፤ በሽተኛው አንሶላ ይጠብቃል።

የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ቁርጡን ነግረዋታል። ሐሙስ ፍተሻ አለ፤ በፍተሻው ላይ ከቆሙ ጋሪዎቹ ወደ መጡበት ይመለሳሉ። ልጄ የለፋችበት ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

"ይሄማ ቀላል ነው" አልኳት እራት ላይ። "ተራ አስይዣቸው። አንዱ ሲያበራ ሌላው ይጨፍን።"

"ሞክሬዋለሁ፣ አባዬ። ተራ ለመያዝ ተራ የሚጠራ ያስፈልጋል። ራጅ ክፍሉ ጋ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ኔትወርክ ይቆረጣል። ያኔ ተራው ይጠፋባቸውና እንደገና ይፋጠጣሉ።"

"ታዲያ ምን አደረግሽ?"

"ተራውን ተውኩት። እያንዳንዱ ለራሱ ዕጣ እያወጣ፣ ዕጣው በደረሰበት ቅጽበት ያበራል። አልፎ አልፎ መገጣጠማቸው አይቀርም፤ ግን ደጋግመው አይገጣጠሙም። ከሱ በፊትና በኋላ ከተለኩት ጋር የማይስማማውን ልኬት ደግሞ ይጥለዋል።"

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። "ትራፊክ የሌለበት መስቀለኛ! ሁሉም እንዳሻው! ይሄ ሥርዓት አልበኝነት ነው እንጂ ምን ይባላል?"

"ተይው፣ ተቀይሞ ነው" አለቻት እናቷ። "ያለ እሱ መኪና የሚያልፍ አይመስለውም።"

እውነቷን ነው። ተቀይሜ ነበር።

ተቀይሜም ግን ሐሙስን እቀራለሁ እንዴ? ጺሜን ተላጨሁ፣ ጫማዬን ወለወልኩ፣ በሥራ ዘመኔ የምለብሰውን አንጸባራቂ ሰደርያ ከሸሚዜ ላይ ደረብኩ።

"ደግሞ ምን ልትሆን ነው?" አለች እናቷ።

"የልጄ ቀን ነው፤ ክብሬን ለብሼ እሄዳለሁ" አልኳት።

ራጅ ክፍሉ ፊት ለፊት፣ ሁለቱ ኮሪደሮች የሚገናኙበት ላይ ቆምን፤ ዳይሬክተሩና ልጄ ከፊት፣ እኔ ከኋላቸው ግድግዳ ተደግፌ። ሙሽሮቹ ከአራቱም አቅጣጫ መጡ። አንዱ ትንሽ ቀነስ አደረገ፣ ሌላው ትንሽ ፈንጠር አለ፣ ተላለፉ። በቃ! ፊሽካ የለ፣ የሚውለበለብ እጅ የለ። እኔ ነኝ ያለ ትራፊክ እንዲህ አያሳልፍም። ለሁለተኛው ዙር ሲመለሱ አላስቻለኝም፤ "እሰይ የኔ ልጅ!" ብዬ ወደ መሃል ገባሁ።

አራቱም ቀጥ አሉ።

ልጄ ስክሪኗን አየች፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ሰደርያዬን። ገባኝ። የመኪና መብራት ሲያርፍበት ቦግ እንዲል የተሠራው ጨርቅ የጋሪዎቹንም ብርሃን መልሶ ዓይናቸው ላይ ደፍቶታል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩ ለዳይሬክተሩ፣ እጄን ወደ ዚፑ እየሰደድኩ። "ይህን ላውልቀውና እንደገና ይሞከር።"

"ያውልቁት" አሉ ዳይሬክተሩ። ደግ ሰው ናቸው። "ይኼኛውን እንዳልተቆጠረ እናድርገው።"

"አታውልቅ፣ አባዬ።"

ዞር አልኩ። ልጄ ፊቷ አመድ መስሏል፤ ድምጿ ግን አልተንቀጠቀጠም።

"የአምቡላንስ ሠራተኞች ይህንኑ ነው የሚለብሱት" አለች ለዳይሬክተሩ። "ነገ በሽተኛ ይዘው በዚህ ሲሮጡ ጋሪዎቼ መንገድ ዘግተው ይቆሙባቸዋል። የኔ ሥራ ገና ስላልደረሰ ነው እንጂ የአባቴ ጥፋት አይደለም። ዛሬ እንዳይፈርሙልኝ። ሌላ ቀን ከሰጡኝ አስተካክላለሁ፤ ካልሰጡኝም ጋሪዎቹ ይመለሱ።"

ስንቱን መንጃ ፈቃድ ቀምቻለሁ፣ ስንቱ ባለሥልጣን ዝቶብኝ አልፈራሁም። ግን "የኔ ሥራ አልደረሰም" የሚል ቃል፣ ያውም አለቃ ፊት፣ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ይህችን የወለድኳት እኔ ነኝ? አልኩ በሆዴ። ኮራሁ። ሥራዋ ዓይኔ እያየ ሊወድቅ ሲል ኮራሁባት።

ዳይሬክተሩ "እንግዲያው የሚቀጥለው ሐሙስ፤ የመጨረሻው ነው" ብለው ሄዱ።

ያን ሳምንት ሰደርያዬ ከልጄ ጋር ሥራ ገባ። ለወንበር እያለበሰች ስንቴ እንደሞከረችው እሷ ናት የምታውቀው። አሁን ካሜራው አንዴ በደማቁ፣ አንዴ በደብዛዛው ያበራል፤ ደማቁ ሲያጥበረብረው በደብዛዛው ያየውን ያምናል።

ሐሙስ ደረሰ። "አባት፣ የት ይቆማሉ?" አሉኝ ዳይሬክተሩ።

ሰደርያዬን እስከ አንገቴ ዘግቼ መስቀለኛው መሃል ገባሁ።

"አባዬ፣ ከፈለግህ ዳር ያዝ" አለች ልጄ። ይህን ጊዜ ድምጿ ተንቀጠቀጠ።

"አልፈልግም" አልኳት።

ትራፊክ ዓይኑን ከሚመጣ መኪና ላይ አይነቅልም፤ ይህን ያልያዘ ምልምል አንድ ቀን አያድርም። የጎማዎቹ ድምፅ ከአራቱም በኩል ሲቀርብ እጄን አጣምሬ፣ ጋሪዎቹን ትቼ ልጄን ማየት ጀመርኩ። ከንፈሯን ነክሳለች። ከኋላዬ ሽው አለ፣ ከጎኔ ሽው አለ፤ ዞሬ አላየሁም። ሙሽሮቹ ማለፋቸውን ያወቅሁት ከልጄ ፊት ላይ ነው።