ሁካታ ተብሎ የተመዘገበው

ሲጋራ አላጨስም፤ ከኪሴ ግን ክብሪት ጠፍቶ አያውቅም። እህቴ ብፅአት ስትወድቅ ክብሪት ጭሮ፣ እፍ ብሎ አጥፍቶ፣ ጭሱን ከአፍንጫዋ ሥር መያዝ የእኔ ድርሻ ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ እንዲሁ ነው። እማዬ እግሯን ትይዛለች፤ እኔ ራሷን አቅፌ ክብሪቱን አስሸትታታለሁ።

ጭሱ ምንም እንደማይፈይድ አውቃለሁ። አንብቤያለሁ። በዶካ፣ ድንበር አጠገብ ባለች የሱዳን ከተማ፣ ገበያው ውስጥ ስልክ ቻርጅ የማደርግባት የቆርቆሮ ክፍል አለችኝ፤ ጣራዋ ላይ ሁለት የፀሐይ ሰሌዳ ተዘርግቷል። ሰው ስልኩን ጥሎልኝ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል፤ እኔ ቀኑን ሙሉ ከስልኮቹ ጋር ብቻዬን ነኝ። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ስለ አንጎል አነባለሁ። አንጎል እርስ በርሱ የሚነጋገረው በጣም ትንሽ በሆነች ኤሌክትሪክ ነው ይላል። አንዷ ለአንዷ ታቀብላለች፣ ያችኛዋ ለሌላዋ። የሚጥል በሽታ ደግሞ ሁሉም ባንዴ መናገር ሲጀምሩ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ መደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን ስልኮች እያየሁ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ቢጮሁ ማን ማንን ይሰማል እያልኩ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ደንበኛ መጥቶ ጠረጴዛውን ሲደበድብ ነው የምነቃው።

ብፅአት አሁን ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሳይነሣ በፊት ከገዳሪፍ የታዘዘላት ክኒን ነበር። ዐሥር ወር ሳትወድቅ ከርማ፣ እማዬም እንቅልፍ መተኛት ጀምራ ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣና ክኒኑ ከፋርማሲዎቹ ጠፋ። ባለፈው ኸሪፍ፣ ዝናቡ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ የዝናብ ውሃ ከሚጠራቀምበት ሐፊር ዳር ስትቀዳ ወደቀች። በአህያ ጋሪ ውሃ የሚሸጠው ሙሐመድኑር በቀሚሷ ጎትቶ አወጣት። ከዚያን ቀን ወዲህ እማዬ እጇን ሳትይዝ ከደጅ አላስወጣቻትም። ትምህርት ቤትም ቀረ። እንግዲህ ክኒኑ ካልተገኘ፣ የሚቀጥለው ውድቀት የት እንደሚሆን ማን ያውቃል? ሙሐመድኑር ሁልጊዜ እዚያ አይቆምም።

ዶክተር ሰልማን ወደ ከተማችን ክሊኒክ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ከካርቱም የተፈናቀለ የአንጎል ሐኪም ነው፤ ውጭ አገር ካለ አንድ የምርምር ማዕከል ጋር ይሠራል። ከእሱ ጋር ሪሃብ የምትባል ባለሙያ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ እና ሽቦ የተሰካካበት ኮፍያ መጡ። ዐረቢኛ ለማይገባቸው ሐበሾች የሚያስተረጉም ሰው ሲፈልግ ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ።

“ኮፍያው የአንጎልን ሞገድ ይቀዳል” አለኝ። “የተቀዳውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያነበዋል። አርባ ሺህ ሰው አይቶ ነው የተማረው፤ ሁሉም ግን የሩቅ አገር ሰው ነው። የእኛን ጭንቅላት አላየም። እዚህ መጥቶ ይሳሳት እንደሆነ ማወቅ እንፈልጋለን። ካልተሳሳተ፣ ሐኪም በሌለበት ሁሉ ይደርሳል ማለት ነው።”

“እንዴት ነው የሚማረው? እንደ እኛ ደጋግሞ በማየት ነው?”

“ደጋግሞ በማየት ነው። አንተም እናትህን ከሩቅ በአረማመዷ የምትለያት ቁጭ ብለህ አጥንተህ አይደለም።”

በዚያ ቀን ያልጠየቅኩት ጥያቄ የለም። ማታ ላይ “ያ ኡስታዝ፣ አንተ መምህር፣ በቃ፣ ጭንቅላቴን አደረቅኸው” ብሎ ሳቀብኝ። ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር የማወራው ሰው አግኝቼ አላውቅም ነበር።

ዋናው ነገር መድኃኒቱ ነበር። ማሽኑ የአንድን ሰው ሕመም ለይቶ ካወቀ ለዚያ ሰው ቁጥር ይልካል። ቁጥሩ የተጻፈበት ሣጥን ይከፈትና የሁለት ዓመት ክኒን ይሰጠዋል። ያለ ቁጥር ሣጥን አይከፈትም። ብፅአትን አስመዘገብኳት።

የተባለውን ሁሉ አደረግን። ሌሊቱን እንዳትተኛ ተባለ፤ አልተኛችም። ፀጉሯ ቅባት እንዳይነካው ተባለ፤ እማዬ ሹሩባዋን ፈታ በሳሙና ሦስት ጊዜ አጠበቻት። ጠዋት ክሊኒኩ ግቢ ስንደርስ ወረፋው ከኒሙ ዛፍ ሥር ተጠምዝዟል። ከፊታችን ስንሻው የሚባል ሎሪ ጫኝ ከልጁ ጋር ቆሟል።

“ጋረደው፣ እስቲ አንተ የተማርከው ንገረኝ” አለኝ። “ይሄ ኮፍያ ሐሳብ ያነባል አሉ።”

“ሐሳብ አያነብም። ሞገድ ነው።”

“ኧረ ተው! እንዲያው እኔ ላይ በስሕተት እንዳያጠልቁት። ሚስቴ ከኋላ ቆማለች።”

“አያስፈልግህም” አለች ሚስቱ። “ያንተን ሐሳብ እኔ ያለ ኮፍያ ጨርሼዋለሁ።”

ወረፋው ሳቀ። ብፅአትም ሳቀች። የተፈታ ፀጉሯን በሻሽ ሸፍና፣ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቶ፣ ጆሮዬ ሥር “ጋሬ፣ ጥናቱ ውስጥ ከገባሁ መስከረም ላይ ሰባተኛ ክፍል እቀጥላለሁ፣ እማዬን አስምዬያታለሁ” አለችኝ።

ተራችን ሲደርስ ሪሃብ ሕጉን ነገረችን። ቀረጻው ላይ ብትወድቅ ማንም አይነካትም። እሷና ዶክተሩ አጠገቧ አሉ፤ ፍራሹ መሬት ላይ ነው፤ በጎኗ ያስተኟታል። የምትወድቅ ከሆነ እንዲያውም ማሽኑ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያገኝም። ለእማዬ አንድ በአንድ ተረጎምኩላት።

“እኔ አልችልም” አለች እማዬ። “ስትንፈራገጥ ቁጭ ብዬ ላያት?”

“እንግዲያው ውጭ ሁኚ፣ እማዬ። እኔ እገባለሁ።”

“አንተስ ትችላለህ?”

“እኔ ምክንያቱን አውቃለሁ” አልኳት። እንዲህ ነው ያልኳት።

ሪሃብ ኮፍያውን አጠለቀችላት፤ በየሽቦው ሥር ቀዝቃዛ ቅባት ጨመረች። ላፕቶፑ ላይ ሃያ አንድ መስመር መንቀጥቀጥ ጀመረ። አየሁት። እህቴ ዓይኗን ስትጨፍን መስመሮቹ ረጋ ብለው ነፋስ እንደነካው የማሽላ እርሻ መወዛወዝ ጀመሩ። ጥቂት ቆይታ እንቅልፍ ወሰዳት፤ መስመሮቹም ዘገዩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከውጭ ብቻ ሳየው የነበረውን ጭንቅላት አሁን ከውስጥ የማየው መሰለኝ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ሐሳብ ይዞኝ ሄዷል።

ከዚያ ጣቷ ተንቀሳቀሰ። የግራ እጇ አውራ ጣት። ሁልጊዜ ከእሱ ነው የሚጀምራት። ሪሃብና ዶክተሩ ማያ ገጹን ነበር የሚያዩት። መስመሮቹ ባንዴ ተነሡ፤ ዶክተር ሰልማን “መጣ፣ መጣ፣ ማንም እንዳይነካት” ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ገብቶኛልም። ገብቶኝ ሳለ ፍራሹ ላይ ተንበርክኬ ነበር። ቀኝ እጄ ከኪሴ ክብሪቱን አውጥቶ ጭሮታል፤ ግራ እጄ ራሷን ከፍ ለማድረግ ከማጅራቷ ሥር ገብቷል። ኮፍያው ከነሽቦው በክንዴ ተጠልፎ ወጣ።

“ላ! ኸሊሃ!” ብላ ጮኸች ሪሃብ። ተዋት ማለቷ ነው። ያኔ ነው የሠራሁትን ያየሁት። እጄ ውስጥ የክብሪቱ እንጨት ይጨሳል። ዶክተሩ በትከሻዬ ይዞ ወደ ኋላ ሳበኝ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ብፅአት ሁለት ደቂቃ ተንፈራግጣ እንደ ወትሮዋ በከባድ እንቅልፍ ተሸነፈች። ደህና ናት። ሪሃብ ኮፍያውን እንደገና ልታጠልቅ ሞከረች፤ ማሽኑ ግን ከወደቀች ገና ሁለት ቀን ያልሞላትን ሰው አይቀበልም።

ዶክተር ሰልማን ላፕቶፑ ላይ ጎንበስ ብሎ ቆየ። “ከውድቀቷ ንጹሕ የሆነው ስምንት ሰከንድ ብቻ ነው” አለ። “ማሽኑ የሚፈልገው ሃያ ነው። ከስምንቱ በኋላ ያለው የእሷ ይሁን የእጅህ መለየት አይቻልም። ሽቦ ሲነካ የሚወጣው ሞገድ ልክ እንደዚያው ይንቀጠቀጣል።”

“ከስምንቱ በፊት ያለውስ?”

“እሱ የጤነኛ ልጅ እንቅልፍ ነው።”

የማሽኑ መልስ ወዲያው መጣ። አንድ ቃል ነው፤ ሁካታ፤ ሊነበብ የማይችል ቀረጻ ማለት ነው።

እማዬ ገብታ ነበር። የሆነውን ነገርኳት፤ የእኔን እጅ ሳልደብቅ። ወደ እኔ አላየችም፤ ወደ ዶክተሩ ነው የዞረችው። “በዓይኑ አይቷታል አይደል በለው። ሐኪም አይደለም እንዴ? አይቻለሁ ብሎ ይጻፍላት።”

ተረጎምኩለት። እሱም ያንኑ አስቦ ኖሮ ስልኩን ይዞ ወጣ። ኔትወርክ ፍለጋ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረ፤ ከዚያ የጡብ ክምር ላይ ወጥቶ አወራ። ከሩቅ እጁን ሲያወናጭፍ እናያለን። እማዬ ከንፈሯ ሳይቋረጥ ይጸልያል። ተመልሶ ሲመጣ አረማመዱ ነገረኝ።

“ጥናቱ የሚፈትነው ማሽኑን ነው አሉኝ” አለ። “የእኔ ዓይን ያየውን ከጨመርን፣ ማሽኑ ብቻውን ምን እንደሚችል በምን ይታወቃል? እነሱም እውነታቸውን ነው። እኔ ራሴ የፈረምኩበት ደንብ ነው።”

“ሌላ ቀን?”

“አንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።”

“ሣጥኖቹ እኮ እዚያ ናቸው” አልኩት። ከግድግዳው ሥር ተደርድረዋል፤ ከአንዱ ጋር ጉልበቴ ሊነካካ ምንም አልቀረውም። “ያው ራሱ ክኒን ነው። የሚያድናት መሆኑን እኛ እናውቃለን።”

“እኔም አውቃለሁ” አለ። ፊቱን በሁለት መዳፉ ጠርጎ የሚቀጥለውን ስም ጠራ። የስንሻው ልጅ ቀድሞን ገብቶ፣ አባቱ ሣጥኑን ደረቱ ላይ ታቅፎ ከኒሙ ሥር ቆሟል። እኔን ሲያየኝ በጋቢው ሸፈነው።

ትንሽ ቆይቶ ሪሃብ አንድ ወረቀት ይዛ ወደ እኛ መጣች። ቀረጻው አይጣልም አለችኝ፤ እናቷ ከፈቀደች ሁካታ በሚል ስም ይቀመጣል። ማሽኑ ሁካታ ምን እንደሚመስል የሚማረው ከእንዲህ ዓይነቱ ነው፤ ቀጥሎ ሲያይ ቶሎ አውቆ እንዲያልፈው። ይህንንም ለእማዬ መተርጎም ነበረብኝ።

“የሚያስቀምጡት የእሷን ሕመም ነው ወይስ ያንተን እጅ?” አለችኝ።

“ሁለቱንም። አልተለየም።”

“ለሰው ይጠቅማል?”

“ለማሽኑ ይጠቅማል። ማሽኑ ደግሞ… ለሰው ይጠቅማል ይላሉ።”

እማዬ አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነክራ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ ብፅአት ነቃች። ተነሥታ ቁጭ አለች፤ ፀጉሯ ላይ የደረቀውን ቅባት ነካካችና ሪሃብን በራሷ ዐረቢኛ ጠየቀቻት፣ “መድኃኒቴን ዛሬ ነው የምትሰጡኝ?”

ሪሃብ ወደ እኔ ዞረች። ከጠዋት ጀምሮ የሁሉንም ሰው ቃል ሳቀብል ውያለሁ፤ ይህ ግን የራሴ ቃል ነበር። “ጥናቱ ውስጥ አልገባሽም። ወድቀሽ ሳለ ነካሁሽ። ኮፍያው በእጄ ወጣ” አልኳት።

እጄን አየችው። “ነግረዋችሁ አልነበረም?”

“ነግረውናል።”

“ታዲያ?”

ስለ አንጎል ያነበብኩት ሁሉ እዚያው ነበር፤ የትኛው ክፍል እጅን እንደሚያዝ፣ የለመደ ነገር እንዴት ሳይታሰብ እንደሚሠራ። አንዱም የሚባል አልሆነም።

ወደ ቤት ስንሄድ እማዬ የብፅአትን የእጅ አንጓ ይዛ ከፊት ከፊት ትሄዳለች። በስተምሥራቅ ወደ ገላባት ባለው ሰማይ ደመናው ጠቁሯል። ብፅአት አንገቷን ወደ እኔ መለስ አድርጋ፣ “ስንት ነበር የሚፈልገው?” አለችኝ።

“ሃያ ሰከንድ።”

በእርምጃዋ ልክ ቀስ ብላ መቁጠር ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እስከ ሃያ ድረስ ቆጠረች፤ የተራመድነው ከአንዱ የሻይ ቤት ዳስ እስከ ቀጣዩ ብቻ ነበር።

“አጭር ነው እኮ” አለች።

“ምን ትቆጥራላችሁ?” አለች እማዬ፣ ዞር ሳትል። “ዝናቡ ደረሰ፤ ፍጠኑ እንጂ።”