ዳምሩክ ሽማግሌ ሆኖ የሄደ ዕለት

ኢያስ ጉዱን የሰማው ጀራሽ ከተማን ካለፉ በኋላ ነው። መሪውን አባቱ ይዘዋል፤ ከጎናቸው ዋናው ሽማግሌ ኡስታዝ ዙሄይር፣ የካርቱን ድምፅ ተዋናይ የነበሩ የሰባ አራት ዓመት አዛውንት፣ ከረባታቸውን አስተካክለው ተቀምጠዋል። ከኋላ ኢያስና የአጎቱ ልጅ ፋዋዝ አሉ። እነሱን ተከትለው ደግሞ አርባ ሰው የጫኑ አሥር መኪኖች ወደ ኢርቢድ ይነዳሉ፤ ሉጀይንን ለኢያስ ሊለምኑ።

"ኡስታዝ፣" አለ ፋዋዝ ወደ ፊት ተንጠልጥሎ፣ "እስቲ እንደ ካርቱኑ ኒሮ አንዲት ቃል ይበሉልን። ልጅ ሳለሁ እርስዎን ሳልሰማ እራት አልበላም ነበር።"

"ኒሮ እኔ አይደለሁም፣" አሉ ሽማግሌው መንገዱን እያዩ። "በካርቱን የወንድ ልጅ ድምፅ የምትሰጠው ሁልጊዜ ሴት ናት። ኒሮ ማለት ወይዘሮ ናዲማ ናት። አሁን ጉልበቷን ያማታል።"

"ታዲያ እርስዎ ማን ነበሩ?"

"ዳምሩክ።"

አባትየው እግራቸውን ከነዳጁ ላይ አነሡ። ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባ ነፋ።

"ተመልሰን ሴትዮዋን እናምጣ ይሆን?" አለ ፋዋዝ።

"ሴት ሽማግሌ ሆና ስትለምን የት አይተሃል?" አሉ አባትየው። "ዝም በል። ኡስታዝ፣ በናትዎ፣ እዚያ ስንደርስ ድምፅዎን ትንሽ ቀጠን ያድርጉልኝ።"

"ያለኝ ድምፅ ይሄው ነው፣ አቡ ኢያስ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። የሉጀይን አባት በሕይወት የሉም፤ በእሷ ጉዳይ የሚቆርጠው አጎቷ አቡ ሺብሊ ነው፤ ጡረታ የወጣ ኮሎኔል። ባለፈው ወር እነ ኢያስ አንድ የቀድሞ ሚኒስትር አስቀድመው ሄደው ነበር። አቡ ሺብሊ ሚኒስትሩን በአክብሮት ካስቀመጠ በኋላ፣ "ክቡርነትዎ ለመንደራችን የውሃ ቧንቧ ቃል ገብተው ነበር፤ እሱ ሲመጣ ልጅቷም ትመጣለች" ብሎ ባዶ እጃቸውን ሸኛቸው። ያኔ ነው ሉጀይን ለኢያስ በስልክ፣ "አጎቴን በሚኒስትር አታገኘውም። እሱ የሚወደው አንድ ነገር ነው፤ የስልኩ ጥሪ እንኳ የካርቱኑ የ'ሰባቱ ምንጮች' መዝሙር ነው" ያለችው። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ደውላ፣ "ዛሬ ካልሆነ በሚቀጥለው ዓርብ ሌላ ቤተሰብ ይመጣል። አጎቴ ለእነሱ በጉን አዟል" አለችው።

ኢያስ ፖላንድ ስምንት ዓመት ተምሮ የተመለሰ ሰው ነው። እሱ ጠይቋታል፣ እሷም እሺ ብላዋለች፤ አርባ ወንድ መሃላቸው ገብቶ ምን ይሠራል? አንድ ትውልድ በሙሉ ከጃፓን መጥቶ በመጽሐፍ አረብኛ በተተረጎመ ካርቱን ጀግንነት ተማረ ብሎ ለክፍል ጓደኞቹ ሲያወራ ያስቃቸው ነበር። አሁን ግን የሚያስቅ ነገር አልታየውም። ዳምሩክን ያውቀዋል። ሰባቱን ምንጮች ገድቦ መንደሩን በጥም የፈጀ ሰው ነው። በየክፍሉ ውሃውን ሊለቅ ለኒሮ ቃል ይገባል፤ ክፍሉ ሳያልቅ ቃሉን ያጥፋል።

የአቡ ሺብሊ ግቢ በፕላስቲክ ወንበር ተሞልቷል። ወንዶቹ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ተቀመጡ። እንደ ልማዱ መራራው ቡና ተቀዳ፤ ኡስታዝ ዙሄይር ሲኒያቸውን ሳይነኩ ፊታቸው አስቀመጡ። መልስ ሳያገኙ አይጠጡትም። ከዚያ ተነሥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"የተከበራችሁ የዚህ ቤት ሰዎች ሆይ፣" አሉ።

ከዚያ ወዲያ ያሉትን የሰማ የለም። ወንበሮች ተንቋቁ። ሆዳቸው የወጣ፣ ጸጉራቸው የሳሳ፣ አራስ ልጅና የባንክ ዕዳ ያላቸው ወንዶች ጀርባቸውን ቀጥ አደረጉ። አንዱ ለጎረቤቱ፣ "እሱ ነው" አለ። "ቢስሚላህ፣ ራሱ ነው።"

አቡ ሺብሊ ንግግሩ እስኪያልቅ ጠበቀ። ፊቱ እንደ ወትሮው ነው፤ ጆሮው ብቻ ቀልቷል።

"ኡስታዝ፣ ለዚህ ልጅ ዋስ የሚሆኑት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ።"

"በቃልዎ?"

"በቃሌ።"

"ለኒሮ ስንት ጊዜ ቃል ገብተዋል?"

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡ። "ሃምሳ አንድ ጊዜ።"

"ስንቱን ጠበቁ?"

"አንዱንም። የተጻፈልኝን ነው ያነበብኩት፣ ኮሎኔል።"

ከጥግ የተቀመጡት የሉጀይን አያት ሐጅ ሙፍሊሕ፣ ጆሯቸው የደከመ የሰማንያ ስምንት ዓመት አዛውንት፣ በዱላቸው መሬቱን መቱ። "ሰውዬው የማንን ውሃ ነው የዘጋው?"

"የአንድ መንደር ነው፣ አባቴ።"

"ታዲያ ምነው ሳይከሱት?"

"የሩቅ አገር መንደር ነው።"

"እንዲህ ያለውን ሰው ይዘው ልጅ ሊለምኑ መጡ?" አሉ ሐጁ ወደ ኢያስ አባት እያዩ። አቡ ኢያስ ላባቸውን ጠረጉ።

አቡ ሺብሊ እጁን አነሣ፤ ግቢው ጸጥ አለ። "ኡስታዝ፣ የመጨረሻውን ክፍል እኛ አላየንም። ጦርነቱ መጣና ሰዓቱን ዜና ወሰደው። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ከያኔ ጀምሮ ሰው እጠይቃለሁ። እስቲ ይንገሩኝ፤ ውሃውን ለቀቁት?"

ኢያስ ወደ ሽማግሌው ተንጠራራ። ለቀቅኩ ማለት ብቻ ነው። አንዲት ቃል ናት፤ ማንም አይጎዳባትም። ሽማግሌው ወደ እሱ ዞር ሲሉ፣ ሳያስበው ራሱን ከላይ ወደ ታች ነቀነቀ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ።

ኡስታዝ ዙሄይር አዩት። ከዚያ ወደ አቡ ሺብሊ ተመለሱ።

"አልለቀቅኩም። ግድቡን ኒሮ ሰበረው፣ እኔ በበቅሎ ሸሸሁ። ስሸሽ እንኳ እመለሳለሁ ብዬ ሌላ ቃል ገብቼ ነበር።"

ከሁለቱም ረድፍ ማጉረምረም ተነሣ። አንድ ወፍራም ሰው፣ "እኛ እኮ ተጸጸተ ተብለን ነው ያደግነው" አለ፤ ከልቡ ከፍቶታል።

"ታላቅ ወንድሜ ተጸጸተ አለኝ፣" አለ አቡ ሺብሊ በቀስታ። "አስተማሪዬም። ሚስቴ ሳትቀር፣ በታጨን ሰሞን፣ ደስ እንዲለኝ ብላ። ይሄን ሁሉ ዓመት አንድም ሰው እውነቱን አልነገረኝም።" ወደ ቡናው አመለከተ። "ሲኒዎን ያንሡ፣ ኡስታዝ። ልጅቷን ሰጥተናል።"

አባትየው ሊቆሙ ሲሉ አቡ ሺብሊ በእጁ መለሳቸው።

"አልጨረስኩም። ልጅህ ሰውዬውን ዋሽልኝ ብሎ ራሱን ሲነቀንቅ አይቼዋለሁ። ልጅህን አላመንኩትም። ያመንኩት እሳቸውን ነው። እንግዲህ በየበዓሉ ኡስታዝ ባልና ሚስቱ ቤት ሄደው ልጅቷን ይጠይቁልኛል። ቢጣሉ የሚዳኙት እሳቸው ናቸው። እስማማለሁ በል፣ አንተ ልጅ።"

"እስማማለሁ፣ አጎቴ፣" አለ ኢያስ። ስለ ነጻ ምርጫ ፖላንድ ውስጥ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ተከራክሮ ነበር።

ክናፌ የሚባለው የአይብ ጣፋጭ ሲመጣ ለሙሽራው እንኳን ደስ አለህ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ወንዶቹ ስልካቸውን ይዘው በኡስታዝ ዙሄይር ዙሪያ ተሰለፉ፤ ቅርብ የቆመው ኢያስ ስለነበረ የሚቀርጻቸው እሱ ሆነ። ወፍራሙ ሰው ቤቱ ደውሎ የስድስት ዓመት ልጁን በምስል አቀረበ። "ዳምሩክ ነው የሚያናግርህ፣ አንበሳዬ። እራቱን እንዲበላ ይንገሩት፣ ኡስታዝ።"

ሽማግሌው ደረታቸውን ነፍተው፣ ሰባት ምንጭ በሚያደርቅ ድምፅ፣ እራቱን እንዲበላ አዘዙት።

ልጁ ስክሪኑን አተኩሮ አየ። "ባባ፣ ሰውዬው ጉንፋን ይዞታል?" አለና ታብሌቱን ሊፈልግ ሄደ።

ወፍራሙ ሰው ስልኩን ኪሱ ከተተ። ኡስታዝ ዙሄይር ክናፌያቸውን ቆርሰው በዝግታ አኘኩ።

የኢያስ ስልክ ተንቀጠቀጠ፤ ሉጀይን ናት። ከላይኛው ፎቅ መስኮት መጋረጃ ጀርባ ሆና ስታይ እንደቆየች ያውቃል፤ ድምፅ ግን እዚያ አይደርስም።

"ምን አሉ?" ብላ ጻፈች።

"ሰጡሽ።"

"ላንተ?"

ኢያስ የሌላ ሰው ስልክ በግራ እጁ እንደያዘ፣ በቀኝ አውራ ጣቱ "አዎ" ብሎ ጻፈ፤ አጠፋው፤ እንደገና ጻፈው። ወረፋ የጠበቀው ሰው ትከሻውን ነካ አደረገው።

"ሙሽራው፣ ቅረጽ እንጂ። ሰውዬው ሊሄዱብን ነው።"