የጠላቂው እግሮች

"ልቀቅ! ምሰሶውን ልቀቅ እንጂ ሌኖክስ!"

ኤርሜሊንዳ የባሏን ጣቶች ከቤቱ ምሰሶ ለማላቀቅ ትታገላለች። ከወገቡ በታች በድን ነው፤ እጆቹ ግን ዛሬም የጠላቂ እጆች ናቸው፣ ከያዙ አይለቁም። ከደረጃው ግርጌ የሽማግሌው የዳማ ኦስቢን ጀልባ ሞተሯ እየተንተከተከ ትጠብቃለች። ዕቃው ተጭኗል፤ ድስቱ፣ ፍራሹ፣ ዶሮዎቹም በጆንያ።

"አንቺ ሂጂ" አለ ሌኖክስ። "እኔ እግሬ ሲመለስ ዋኝቼ እመጣልሻለሁ።"

ጠላቂዎች የሚለቅሙት የባሕር እንስሳ፣ ሎብስተር፣ ከዳር አካባቢ ሲጠፋ ሌኖክስ ከሌሎቹ ይበልጥ ጠልቆ ይፈልግ ነበር። አንድ ቀን ከጥልቁ ተጣድፎ ሲወጣ የውሃው ግፊት ጎድቶት እግሮቹ አልታዘዝ አሉት። ሐኪሞቹ አይመለሱም አሉ። የመንደሩ መድኃኒተኛ ግን በባሕር ውስጥ የምትኖረው የሴት መንፈስ ሊዋ ተቆጥታ ነው የያዘቻቸው፣ ቁጣዋ ሲበርድ ትለቃቸዋለች አለው። የመድኃኒተኛውን ቃል ያዘ። ከዚያ ወዲህ ከቤት ወጥቶ አያውቅም። የመጥለቂያ መነጽሩን በየጠዋቱ ይወለውላል። ቤተ ክርስቲያን በሰጠችው ባለጎማ ወንበር ላይ ዶሮዎቹ ያድሩበታል።

ኤርሜሊንዳ ደግሞ ከሐይቁ ማዶ፣ ፑዌርቶ ሌምፒራ ከተማ፣ ለተማሪዎች ምግብ የማብሰል ሥራ አገኘች። ሰኞ ትጀምራለች።

"እዚያ እንዳንተ የተጎዱ ሰዎች ሞተር ይጠግናሉ" አለችው። "ያ አብሮህ ይጠልቅ የነበረው ሮልፍ እንኳን አለ።"

"ሮልፍ ደግሞ መቼ ጠላቂ ሆኖ ያውቃል! ውሃ ሲያይ የሚያስነጥሰው!"

ዳማ ኦስቢን ከታች ሳቀ። ኤርሜሊንዳ ግን አልሳቀችም።

"ሰው ለመኖር የግድ መለወጥ አለበት?" አለ ሌኖክስ። "አባቴ ጠላቂ ሆኖ ኖረ፣ ጠላቂ ሆኖ ሞተ። ባሕሩም ያው ባሕር ነው።"

"ውሸታም! ሐይቁ ከባሕሩ ጋር የሚገናኝበት በር አሸዋ በየክረምቱ ቦታ ይቀይራል፣ ያንን ያላወቀ ጀልባውን ይሰብራል ያልከኝ አንተ አይደለህም?"

ሌኖክስ ምሰሶውን ይበልጥ አጥብቆ ያዘ። እሷም ደክሟት ወለሉ ላይ አጠገቡ ተቀመጠች።

"አንድ ነገር ልንገርህ" አለች። "ስለ እግርህ መጸለይ ትቻለሁ።"

"መቼ?"

"ከፋሲካ በኋላ። አሁን የምለምነው ሌላ ነው።"

"ምን?"

"ስትጠራኝ የማልሰማበት ቦታ። ለአንድ ቀን እንኳን።"

ይጮኽብኛል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን የማይንቀሳቀሱ እግሮቹን ያይ ነበር።

"እግሬ እንደማይመለስ እኔ ካንቺ በፊት ነው ያወቅሁት" አለ። "አንድ ከሰዓት ብቻዬን ተኝቼ ጉንዳን እግሬን ወረሰው። ሲበላኝ በዓይኔ አያለሁ፣ ምንም አይሰማኝም። ያን ዕለት አወቅሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ትሄጃለሽ ብዬ። ይድናል ያሉትን ሰው ጥለው አይሄዱም።"

በጥፊ ልትለው እጇ ተነሳ። ያ ሁሉ የተቀቀለ ቅጠል፣ ያ ሁሉ መታሸት፣ ጀርባዋ እስኪቆረጥ! ለካ እሱም እሷም በማያምኑበት ተስፋ አብረው ታስረው ኖረዋል። እጇን መልሳ ጭኗ ላይ አኖረችው።

"ነፋሱ እየተነሳ ነው!" ሲል ዳማ ኦስቢን ጮኸ። "ከመጣችሁ ኑ!"

ኤርሜሊንዳ ተነሳች። "እኔ እሄዳለሁ" አለች። አልተቆጣችም፣ አልለመነችውም።

ሌኖክስ በበሩ ወደ ውጭ ተመለከተ። ጎረቤቱ ሁሉ ሊሰናበት ወጥቷል። ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት በአደጋው ዕለት በጀልባ ወለል ላይ በሸራ ተሸፍኖ ሲመጣ ነበር።

ጣቶቹ ከምሰሶው ላይ ተፈቱ።

ዳማ ኦስቢን ደረጃውን ወጥቶ አዘለው። ሲወርዱ በጆሮው "ከመሃል ፍራሽ አንጥፌልሃለሁ፤ ትተኛለህ፣ ማንም አያይህም" አለው። ሴቶቹ ፊታቸውን ወዲያ አዞሩ፤ ሊያከብሩት መሆኑ ነው። ለሱ ግን ከመታየት የባሰ ሆነበት።

ጀልባዋ ዘንድ ሲደርሱ፣ "አታስተኛኝ፣ ዳማ" አለ። "ከፊት አስቀምጠኝ።"

"ማዕበል አለ፤ ትወድቃለህ።"

"እሰሩኝ።"

ዳማ ኦስቢን ወደ ኤርሜሊንዳ ዞረ። እሷ ገመዱን አነሳች።