የግራ እጅ መስመር

ሆልገር ብርቱካን ይነቅሳል። ወሩ የካቲት ነው። ከመስታወቱ ውጭ ቀጭን ዝናብ ይወርዳል፤ ትራም ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያለው የመርፌ ሣጥን ይንቀጠቀጣል። ብርቱካኑን በቀኝ መዳፉ ጠረጴዛው ላይ ተጭኖ፣ በግራ እጁ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሊያወርድበት ይሞክራል። መስመሩ እስከ ግማሽ ድረስ ቀና ብሎ ይወርድና ከዚያ እንደ ሰከረ ሰው ወደ ጎን ይሄዳል። ሆልገር ማሽኑን ያጠፋል፤ ብርቱካኑን ያዞራል፤ እንደገና ይጀምራል።

በመስከረም መጨረሻ ስትሮክ መታው። አንደበቱ ተመለሰ፣ እግሩም ተመለሰ፣ ቀኝ እጁ ግን በግማሽ ቀረ። መጫን ይችላል፤ መያዝ አይችልም። አርባ አንድ ዓመት የነቀሰው በዚያ እጅ ነው። በጎተንበርግ ወደብ አጠገብ፣ በማዮርና ሰፈር፣ መርከበኛውም ነርሷም ትራም ነጂውም ያ እጅ የሠራውን ቆዳቸው ላይ ይዘው ይሄዳሉ።

የንቅሳት ሱቁ ያለባት አጭር መንገድ የእጅ ሥራ ሰዎች መንገድ ናት። ሸክላ ሠሪ አለ፣ ታፔላ ጸሐፊ አለች፣ እንጨት ቀርጸው ሥዕል የሚያትሙ ባልና ሚስት አሉ፤ በጠቅላላው ሰባት በር ነው። አዲስ የመጣ ሰው አንድ ንድፍ ሠርቶ ለሆልገር ግድግዳ ይሰጣል፤ ልማዱ ነው። ደንበኛም ከዚያ ግድግዳ ይመርጣል። የሸክላ ሠሪው የኤስኪል ዓሣ በስንት ሰው ትከሻ ላይ እንደሚዋኝ ኤስኪል ራሱ አያውቀውም።

ብርዱን ሙሉ እነዚህ ሰዎች አልተለዩትም። ኤስኪል ሾርባ ያመጣለታል። ባልና ሚስቱ በረዶውን ከደጁ ይጠርጉለታል። ታፔላ ጸሐፊዋ ቪቬካ ሐሙስ ሐሙስ ሆስፒታል ታደርሰዋለች። ከሚያደርጉለት አንዱም ከሆልገር ዓይን አያመልጥም። ግን አመሰግናለሁ የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣም። ምክንያቱን ያውቀዋል። ሁሉም ሲያናግሩት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ድሮ በር ላይ ቆመው እየቀለዱ ይሰድቡት የነበሩ ሰዎች አሁን እንደ ሕፃን ያባብሉታል። ለዚያ ማመስገን አቃተው።

ቪቬካ በሩን ከፍታ ገባችና ጃንጥላዋን አራገፈች። አምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ጣቷን ቀለም አያጣውም፤ የሰፈሩ ዳቦ ቤት፣ ጫማ ሰፊ፣ ዓሣ ሻጭ፣ የሁሉም ታፔላ የእሷ እጅ ነው።

«የፋሲካውን ዙር ስም ዝርዝር እያዘጋጀሁ ነው» አለች።

በፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ሰባቱም በሮች ይከፈታሉ፤ ሰው ከየሰፈሩ መጥቶ እየዞረ ያያል። ሕጉ አንድ ነው። በሩን የከፈተ ሁሉ በሰው ፊት ይሠራል። ያለቀ ሥራ ደርድሮ መቀመጥ የለም። በዚህ ሕግ ላይ ከማንም በላይ ሲጮህ የኖረው ደግሞ ሆልገር ነው።

«ስሜን አውጪው» አለ።

«ለምን?»

«አልሠራማ።»

«ይሄ ምንድን ነው ታዲያ?» ብርቱካኑን አነሣችው።

«ብርቱካን ነው።»

«ብርቱካንነቱን አየሁት። የሳልክበት ነው ያልገባኝ። ትል ነው?»

«ቀጥ ያለ መስመር ነው።»

ቪቬካ ብርቱካኑን አገላብጣ አየችው። ልትስቅ ብላ ተወችው። ብትስቅ ይሻለው ነበር።

«ብርቱካን አይተነፍስም» አለ ሆልገር። «አይለጠጥም፤ ሲያመው አይሸሽም። እጅ የሚማረው ሰው ላይ ነው። ሰው ላይ የሚማረው ደግሞ ወጣት ነው።»

«አንተ በማን ላይ ተማርክ?»

በራሱ ጭን ላይ ነው የተማረው። ጀማሪ ነቃሽ መጀመሪያ የራሱን ቆዳ ያበላሻል፤ ቀጥሎ የሚወዱት ሰዎች የእነሱን ይሰጡታል። ለሆልገር የሰጡት አራት ነበሩ፤ ሁለት የወደብ ጫኝና አውራጆች፣ እህቱ፣ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ጎረቤት። ሦስቱ ሞተዋል። እሱ ያጣመመባቸውን መልሕቅ እንደያዙ ተቀብረዋል። አንዳቸውም አንድ ቀን አማርረው አያውቁም።

«የእኔ ጭን ሞልቷል» አለ። «ኤስኪልም ሞልቷል። ያልተነካ የቀረው ውስጥ እግሩ ብቻ ነው።»

«እኔ ባዶ ነኝ» አለች ቪቬካ።

ሆልገር ቀና ብሎ አያት። በዚያ መንገድ ሠላሳ ዓመት ኖራ ያልተነቀሰች እሷ ብቻ ናት። መርፌ ትፈራለች። አንድ ጊዜ ለጉንፋን ክትባት ሄዳ፣ ራሷን ስታ ወድቃ፣ ግንባሯን ተሰፍታ ነው የተመለሰችው።

«ትወድቂያለሽ።»

«ተኝቼ ነው የምነቀሰው። ወዴት እወድቃለሁ?»

«ተበላሸ ማለት ተበላሸ ነው። ዕድሜ ልክሽን ይዘሽው ትኖሪያለሽ።»

«አምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ሆልገር። ዕድሜ ልክ ረጅም የነበረው ድሮ ነው።» ጃንጥላዋን አነሣች። «ማክሰኞ ጠዋት እመጣለሁ። ዝርዝሩ የሚታተመው በመጋቢት መጨረሻ ነው። እስከዚያ ስምህን አልነካውም።»

ማክሰኞ ስትመጣ ኤስኪልን አስከትላ ነበር። ኤስኪል ረጅም፣ ጎባጣ፣ ወሬ የማያልቅበት ሰው ነው። የሾርባውን ዕቃ ምድጃው ላይ አስቀመጠና ወንበር ስቦ ከራስጌዋ ተቀመጠ።

«አንተ ደግሞ ምን ልትሠራ መጣህ?» አለው ሆልገር።

«ሬሳ ላነሣ።»

«የማንን?»

«ማን ቀድሞ እንደሚወድቅ እናያለን።»

ቪቬካ ከግድግዳው ሁለት የቼሪ ፍሬ ከግንዳቸውና ከአምስት ቅጠሎች ጋር መርጣለች። የሆልገር የራሱ የድሮ ንድፍ ነው። የግራ ክንዷን ላጨው፤ አጸዳው። ንድፉን ወይን ጠጅ ቀለም ካለው የማተሚያ ወረቀት ወደ ቆዳዋ አተመው። ወረቀቱን ሲያነሣ ንድፉ ሳይዛነፍ ቀረ። ቪቬካ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ዓይኗን ጨፈነች።

ሆልገር ማሽኑን አስነሣ። የመጀመሪያው ቼሪ ዙሪያውን ሄዶ ገጠመ። ብርቱካን እንዲህ አድርጎለት አያውቅም። ቆዳው መርፌውን ይቀበለዋል፣ ይመልሰዋል፤ እጁም ያንን ሰማ። ሁለተኛውን ቼሪ ሠራ። አንዱን ቅጠል ጨረሰ። በሶፍት ጠረገ። አምስት ወር ሙሉ ያልተሰማው ነገር ደረቱ ውስጥ ሞቅ አለው።

ከዚያ ወደ ሁለተኛው ቅጠል ሄደ። ቅጠሉ የለም።

በቀኝ እጁ የሚሠራ ነቃሽ ከታች፣ ከቀኝ በኩል ይጀምራል። ወደ ላይና ወደ ግራ ይሄዳል። እንዲህ ሲሆን እጁ የሚያርፈው ባለቀው መስመር ላይ ነው። ባላለቀው ላይ ካረፈ የታተመውን ንድፍ ይጠርገዋል። ይህን ሆልገር አርባ አንድ ዓመት ሳያስበው ሠርቶታል። ዛሬም ሳያስበው ከታች፣ ከቀኝ ጀመረ። በግራ እጁ። ግራ እጁ ባላለቀው ላይ ተኝታ ስትሄድ አራቱን ቅጠሎችና ግንዱን ጠርጋ ጨረሰቻቸው። ክንዷ ላይ የቀረው ወይን ጠጅ ጭቃ ነው።

ማሽኑን አጠፋ።

«አለቀ?» አለች ቪቬካ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«አላለቀም» አለ። «ንድፉን አጠፋሁት። በማይሆነው በኩል ጀምሬ አጠፋሁት።»

በመርፌ በተነካ ቆዳ ላይ ንድፍ ከወረቀት ሁለተኛ አይታተምም። ድሮ ቢሆን ብዕር አንሥቶ የጎደለውን ቆዳው ላይ ይሥለው ነበር። ግራ እጁ ግን ገና መሣል አልተማረችም። ሁለት ቼሪና አንድ ቅጠል በሴትዮዋ ክንድ ላይ ሊቀሩ ነው። ሆልገር ጓንቱን ማውለቅ ጀመረ።

«ምንም አይደል፣ ሆልገር» አለ ኤስኪል በዚያ በለሰለሰ ድምፁ። «ምንም አይደል። ይደርሳል። ትንሽ አረፍ በል።»

ቪቬካ ዓይኗን ገለጠች። ክንዷን ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው፤ ደሙንም አየችው። ፊቷ ነጭ ሆነ። ኤስኪል ትከሻዋን ያዘ። እሷ ግን ቀስ ብላ ተነሥታ ተቀመጠች።

«ብዕሩን ስጠኝ» አለች።

«የምን ብዕር?»

«ቆዳ ላይ የምትሥልበትን። ቀኝ እጄ ደኅና ነው። ሥራዬም ይሄው ነው።»

ሆልገር ጭቃውን አጽድቶ ሰጣት። ቪቬካ ፊደል ስትጽፍ እንደምታደርገው ትንፋሿን ያዘች። አንድ ቅጠል ወረደ። ሁለተኛው ወረደ።

«የአንተ ቅጠል ደረቅ ነው» አለች እየሣለች። «ማንኪያ ነው የሚመስለው። ሠላሳ ዓመት ልነግርህ እያልኩ።»

«ሰው ወዶት ነው የሚነቀሰው።»

«ሰው ምን ያውቃል?» ግንዱን ሠርታ ብዕሩን ከደነችው። «አሁን ከየት ትጀምራለህ?»

«ከታች። ከግራ።»

«ጮክ ብለህ በለው። ለእጅህ ንገራት።»

«ከታች፣ ከግራ» አለ ሆልገር ጮክ ብሎ። እሷም ተመልሳ ተኛች።

አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። በየቅጠሉ መሐል ማሽኑን እያጠፋ እጁን ያሳርፋል። ማንም ቸኩል አላለውም።

«ሾርባው ቀዘቀዘ» አለ ኤስኪል በመጨረሻ።

«ይቀዝቅዝ። ጨው የለውም።»

«ምን አልክ?»

«ከጥቅምት ጀምሮ ጨው የለውም።»

«ሐኪሙ ነው እኮ ጨው አትስጡት ያለው።»

«ሐኪሙ አልቀመሰውም።»

ቪቬካ ሳቀች፤ ክንዷም አብሮ ሳቀ።

«አትንቀሳቀሺ» አላት ሆልገር ቆጣ ብሎ። ድሮ ደንበኛ እንደሚቆጣው ነው የተቆጣት።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። ንቅሳት በተሠራበት ቀን ሁሉም ያምራል። እውነቱ የሚታየው ቅርፊቱ ረግፎ ቆዳው ሲድን ነው። መርፌው ያልደረሰበት መስመር ይነጣል። መርፌው ከልክ በላይ ጠልቆ የገባበት ቀለሙ ከቆዳ ሥር ይፈስና ይወፍራል። ግራ እጁ የቱን እንዳደረገች ሆልገር አያውቅም። ቪቬካ ሐሙስ ሆስፒታል ስታደርሰው እጅጌዋ የተዘጋ ነው። አይጠይቃትም። እሷም አታሳየውም፤ ከአራት ሳምንት በፊት ማየት እንደሌለበት ከእሱ ነው የሰማችው። ሱቁን ጠዋት ይከፍታል፣ ይጠርጋል፣ ብርቱካን ይነቅሳል፤ የነቀሰውን ልጦ ይጥላል። መስመሩ ካልያዘ መርፌዎቹን ከወደቡ ማዶ ላለ ሌላ ነቃሽ ሰጥቶ በሩን እንደሚዘጋ ለራሱ ነግሯል። ለሌላ ሰው አልተናገረም።

በመጋቢት መጨረሻ፣ ፀሐይ ትንሽ ብቅ ባለችበት ጠዋት፣ ቪቬካ መጣች። ኤስኪልም ከኋላዋ ነው። ካፖርቷን አውልቃ እጅጌዋን ጠቀለለችና ክንዷን መብራቱ ሥር አስቀመጠችው።

ሆልገር መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ። ብዙ ቆየ። ቼሪዎቹ ይዘዋል፤ ጥርት ብለዋል። ከቅጠሎቹ አራቱ ይዘዋል። ሦስተኛው ቅጠል አንድ ጠርዙ ወፍሯል። ግንዱ መሐል ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ክፍተት አለች። ከዚያ በተረፈ መስመር ነው። ቀና ሲል ኤስኪል ትንፋሹን ይዞ ቆሟል።

«ይሄ ቅጠል ወፍሯል» አለች ቪቬካ።

«ወፍሯል።»

«ግንዱም ተቆርጧል። እንዲህ ያለ ፊደል ብጽፍለት ዓሣ ሻጩ ታፔላውን መልሶ ይወረውርብኛል።»

«ቪቬካ» አለ ኤስኪል በቀስታ፣ «ሰውዬው እኮ ገና ከሕመም...»

«ከሕመሙ ጋር ምን አገናኘው? ቅጠሉ ወፍሯል!» ድምፅዋ እስከ ትራም ፌርማታው ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። «እንዲህ ይዤው ልዞር ነው?»

ሆልገር ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከመስከረም ወዲህ በሥራው የተቆጣው ሰው አልነበረም። አዝነውለታል፣ ደግፈውታል፣ አብልተውታል። ሥራህ ተበላሽቷል፣ አስተካክል ያለው ግን የለም። እንዲህ የሚባለው ማስተካከል የሚችል ሰው ነው። ጓንቱን አነሣ።

«ክፍተቱን አሁን እዘጋዋለሁ» አለ። «ወፍራሙ አይቀጥንም፤ ቆዳ ውስጥ የገባ አይወጣም። ጎረቤቱን ቅጠል ትንሽ አወፍረዋለሁ። ያኔ ታስቦበት የተሠራ ይመስላል።»

«እሱን ዘዴ እኔም እሠራበታለሁ» አለች። «ይሁን። ግን በጣም እንዳታወፍረው።»

«ሥራዬን ልታስተምሪኝ ነው?»

«ካስፈለገ።»

ቀለም ቀዳ። መርፌ ቀየረ። ሁለቱ ስለ አታሚዎቹ ባልና ሚስት እያወሩ ነበር።

«አመሰግናለሁ» አለ ሆልገር።

«ለምኑ?» አለ ኤስኪል።

ሆልገር አሰበ። ብዙ ነው፤ አንዱን አንሥቶ ሌላውን መተው አልሆነለትም። ያ ሁሉ ነገር በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሆኖ ነው የመጣው፤ እሱም በየቀኑ ፊቱን አዙሮ ነው የተቀበለው።

«ለብርዱ ወራት ሁሉ» አለ። «ላንተም፣ ለእሷም፣ እዚያ ማዶ ላሉትም። ሳልናገር ቆየሁ። አይቼ ነበር ግን።»

ኤስኪል አፍንጫውን ነካካ።

«እሺ፣ ጀምር እንግዲህ» አለች ቪቬካ ጣሪያውን እያየች። «ቀለም ከፍቼ ነው የመጣሁት፤ ይደርቅብኛል።»

ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ሲጨርስ ጠርጎ ክንዷን ወደ መብራቱ አዞረላት። ቪቬካ አቀረበችው፤ አራቀችው፤ አንድ ዓይኗን ጨፍና አየችው።

«አሁን ይሆናል» አለች። ከእሷ አፍ ይሄ ብዙ ነው።

ከቦርሳዋ ዝርዝሩን አወጣች። የሌሎቹ ስድስት በሮች ሰዓት ተሞልቷል፤ ከእሱ ስም አጠገብ ባዶ ነው።

«ስንት ሰዓት ብዬ ልጻፍ? ሌሎቹ ቀኑን ሙሉ ብለዋል።»

ሆልገር ግራ እጁን አየት አደረጋት። ጣቶቹን አጠፈ፣ ዘረጋ።

«ከአራት እስከ ስድስት» አለ። «ከዚያ በላይ ይደክመኛል።»

እሷም እንዳላት ጻፈችው።