ለመንገድ የገባ ድንጋይ

አጣቢዋ ያንን ጉድጓድ ከተቀየመችው አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ሌላው ሰው ከጎረቤቱ ይጣላል፣ ከወንድሙ ይጣላል፤ እሷ የተጣላችው ከኬላው አለፍ ብሎ፣ መንገዱ ወደ ከተማው ሲታጠፍ ከተጋደመ ጉድጓድ ጋር ነው። በጎኑ እንዳይታለፍ በግራ የቤት ግድግዳ፣ በቀኝ የውሃ መውረጃ ቦይ አለ። ክረምት ሲሆን በውሃ ይሞላና ደልዳላ መስሎ ያታልላል፤ በጋ ሲሆን አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ባሏን የጣለባት እሱ ነው። ያን ቀን ጋሪው አንድ ጎማው ገባና ሲገለበጥ ሰውዬው ከነእርጥብ ልብሱ ወርዶ ድንጋይ ላይ አረፈ። ዳሌው ተሰበረ፤ የገጠመለትም ሰው አጣሞ ገጠመው። ከዚያ ወዲህ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የከሰል ካውያ ይገፋል እንጂ ጋሪ ላይ ወጥቶ አያውቅም።

ልጓሙን እሷ ያዘች። ከወንዙ ማዶ ካለው ቤቷ ንጹሕ ልብስ ጭና ትገባለች፣ ቆሻሻ ጭና ትወጣለች። ጉድጓዱ ውስጥ የተደፋባትንና እንደገና ያጠበችውን አንሶላ ቤት ይቁጠረው።

የኬላው ደንብ የአያት ቅድመ አያት ደንብ ነው። ትልቅ የእንጨት ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ከጠባቂው ጎጆ አጠገብ ቆሟል። ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ይህን ያህል ይክፈል፣ ባለ አራት ጎማ ያን ያህል፣ የሚነዳ ከብት በየራሱ ይህን ያህል። ሬሳና አዋላጅ በነጻ ይለፉ። ለመንገድ ማበጃ የሚሆን፣ የሰው ራስ የሚያህል ድንጋይ ይዞ የመጣ ባለጋሪ ግን የቀረጡ ግማሽ ይማርለት። ይሄን ያልሸመደደ ባለጋሪ የለም፤ ድንጋይ ሳይዝ የሚመጣም የለም። አጣቢዋም ጠዋት ጠዋት ከወንዙ ዳር አንድ ጥሩ ድንጋይ ትመርጥና ጋሪው ወለል ላይ ታስቀምጣለች። ከበላዩ ነጭ ልብስ የምታደምቅበት የሰማያዊ ውሃ ባልዲ አለ፤ ባልዲው ያፈሳል። ኬላው ጋ ስትደርስ ድንጋዩን ታነሳና ክምሩ ላይ ትወረውረዋለች።

"ይለፍ" ይላል ኬላ ጠባቂው። ከአፉ ሌላ ቃል ስለማይወጣ ስሙም ጋሽ ይለፍ ሆኖ ቀርቷል።

"እኔስ አለፍኩ። ድንጋዩ መቼ ነው የሚያልፈው?"

"ተራው ሲደርስ።"

"አሥራ አንድ ዓመት የማይደርስ ምን ዓይነት ተራ ነው?"

"እሱን የመንገድ ሹሙን ጠይቂው፣ እቴ። እኔ በር ከፋች ነኝ።"

ሹሙንማ ጠይቃዋለች፣ ያውም ስንቴ። ደንበኛዋ ነው፤ ቤቱ ከመታጠፊያው ከፍ ብሎ ያለው ነው፤ ሸሚዞቹን የምታጥበው እሷ ናት። የሸሚዙን አንገት ስታሽ አንዳንድ ቀን የገዛ አንገቱን የያዘች ይመስላትና እጇ ይበረታል። ሹሙ በእግሩ ስለሚሄድ ጉድጓዱን እንደ ቦይ ተራምዶት ያልፋል። መጀመሪያ ሰሞን "ይታያል" አላት። በኋላ ዝም ይላት ጀመር። ባለፈው ዓመት ግን በሰው ፊት፣ "ሥራው በደንቡ መሠረት ነው የሚሠራው። ደንቡ ደግሞ ሰሌዳው ላይ አለልሽ። ማንበብ ከቻልሽ አንብቢው" አላት።

ያቺ "ከቻልሽ" የምትል ቃል ሆዷ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ሁለት ዓመት ተምራለች፤ ከዚያ እናቷ ከማጠቢያ ገንዳው ጋር አቆሟትና ትምህርቱ በዚያው ቀረ። ፊደል ታውቃለች፣ ግን እንደ ጥሬ እየቆረጠመች ነው የምታነበው። በዚያ ላይ የሰሌዳው የታችኛው ግማሽ አይታይም። የድንጋዩ ክምር ዓመት ከዓመት እያደገ ሰሌዳውን እስከ ወገቡ ውጦታል።

እንዲህ እንዳለች ልጇ ልትወልድ መጣች። የልጅቷ ባል ለሥራ ርቆ ሄዷል። አዋላጇ መጥታ ሆዷን ዳሰሰች፣ እንደገና ዳሰሰች፣ ከዚያ እናትየውን ወደ ውጭ ጠራቻት።

"ልጁ በእግሩ ነው የተቀመጠው። እዚህ አላዋልዳትም፤ ሐኪም ቤት ትግባ። ለሐኪሙ ነግሬዋለሁ፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት ሐሙስ አልጋ ይሰጣታል። እስከዚያ ከመኝታዋ አትነሳ። ስትወስጃትም በጀርባዋ ተኝታ፣ ቀስ ብለሽ። ክፉኛ እንዳትነቀነቅ።"

"ብትነቀነቅስ?"

አዋላጇ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። "እንዳትነቀነቅ ነው ያልኩሽ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ አጣቢዋን መቀመጥ እምቢ አላት። ቃሬዛ አሰበች፤ ባለፈው ክረምት ግን አንዲት በሽተኛ በቃሬዛ ሲያመጧት ተሸካሚዎቹ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ተንሸራተው ጥለዋታል። ሌላ መንገድ አሰበች፤ ወንዙ አንድ ድልድይ፣ ከተማው አንድ በር ነው ያለው። ልብስ ልታሰጣ ትወጣና ገመዱ ሥር ቆማ ትቀራለች። ያጠበችውን መልሳ ትዘፈዝፋለች።

"ሴትዮ፣ ተይው እንጂ፤ አንሶላው ምን አጠፋ?" አላት ባሏ ከካውያው ቀና ብሎ።

"እጄ ሥራ ሲፈታ ጉድጓዱ ይታየኛል።"

"እኔ አሥራ አንድ ዓመት ታይቶኛል። ደንቡ ለሞተ አዘነ፣ ለምታዋልድ አዘነ፤ የምትወልደዋን ረሳት።" ይሄን ሲል ሊያስቃት ነበር፤ አልሳቀችም።

ሰኞ ጠዋት ኬላው ጋ ስትደርስ ክምሩ ጎድሏል። ዓይኗን አላመነችም።

"ጋሽ ይለፍ፣ ድንጋዩ የት ሄደ?"

"የመንገድ ሹሙ ሰዎች እየወሰዱት ነው። ሦስት ቀናቸው።"

በቅሎዋን አለቅጥ እያጣደፈች ወደ መታጠፊያው ነዳች። ጉድጓዱ እንደ ወትሮው ተጋድሟል፤ አንዲት ጠጠር አልገባበትም። ዛሬ ካልሆነ ነገ ነው ብላ አለፈች። ማታ ለባሏ ስትነግረው እንኳ "አምጥተው ሊያራግፉት ነው" አለች፤ የምትለውን ግማሽ ልቧ አላመነውም። ማክሰኞም ክምሩ ጎደለ፣ ጉድጓዱ ግን አልሞላም።

ረቡዕ የሹሙን ሸሚዞች ልታደርስ ሄደች። የግቢው የሾህ አጥር ፈርሶ በቦታው ወገብ የሚደርስ አዲስ የድንጋይ አጥር ቆሟል፤ ጭቃው ገና አልደረቀም። የሹሙ ሚስት ልብሱን ልትቀበል ወጣች።

"አማረ አይደል? ይሄ ሰማያዊ ሰማያዊ የሚለው ድንጋይ ደግሞ ልዩ ነው። ባለቤቴ ከሩቅ አገር ነው ያስመጣሁት ይላል። ውድ ነው መሰለኝ።"

አጣቢዋ አጥሩን አየችው። ከዳር እስከ ዳር ባልዲዋ ሰማያዊ ነጠብጣብ የጣለበት የወንዝ ድንጋይ ነው። አንዳንዱን በመልኩ ታውቀዋለች፤ ያቺ ጎኗ የተሸረፈው ጣቷን ያደማቻት ናት፤ ያ ጠፍጣፋው ልጇ የተዳረች ሳምንት ያመጣችው ነው። አፏ ላይ የመጣውን ዋጠችው።

"አዎ፣ ከሩቅ ነው የመጣው፣ እትዬ" ብላ ቅርጫቷን አንስታ ወጣች። ልጓሙን ፈትታ ጋሪው ላይ ወጣች።

ስትመለስ ኬላው ጋ ቆመች። ክምሩ ጉልበት የማይደርስ ሆኗል። ሹሙ ድንጋዩን ሲያስወስድ ሰሌዳውን ከወገቡ በታች ገልጦታል። አፈር የለበሰ ጽሑፍ ይታያል። ከጋሪዋ ወርዳ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው።

"ለ... መን... ገድ..."

"እቴ፣ ከኋላሽ ሰልፍ አለ" አለ ጋሽ ይለፍ።

"የገ... ባ... ድን... ጋይ..."

ከኋላዋ አንድ ባለጋሪ ጅራፉን አጮኸ። "ሴትዮዋ ድቁና ልትቀበል ነው እንዴ? አሳልፉን።" ሰው ሳቀ። ያን ቀን አንድ መስመር ብቻ ይዛ ሄደች፤ እንዳይጠፋባት እስከ ቤቷ እያነበነበች። ሐሙስ ወደ ከተማ ስትገባ አንድ መስመር፣ ስትወጣ ሌላ መስመር። ዓርብ ጠዋት ሰልፉ ሳይበረታ ማልዳ ደረሰችና ከላይ እስከ ታች ጮክ ብላ አነበበችው። ጋሽ ይለፍ መጥሪያ ደወሉን እንደያዘ ከጎኗ መጥቶ ቆመ።

"ለመንገድ የገባ ድንጋይ የመንገድ ነው። መንገዱ ተበላሽቶ ሳይጠገን ከከረመ፣ ድንጋዩን ያመጣ ሰው የትም ቢያገኘው አንስቶ መንገዱን ይጠግንበት። ይህን የከለከለ ሹም ይሁን ነዋሪ፣ ከሥራው ተሽሮ በአደባባይ ይቀጣ።"

ጋሽ ይለፍ ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ። "ሃያ ዓመት አጠገቡ ተቀምጬ፣ እዚያ ታች ጽሑፍ መኖሩን አላውቅም ነበር።"

"ድንጋይ ጭናችሁበት እንዴት ታውቀዋለህ?"

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ደንቡን አነበብኩ። ሹሙ አንብቢው ብሎኛል።"

ቤቷ ደርሳ ለባሏ ነገረችው። ካውያውን አስቀመጠ። ብዙ ሳይናገር ግድግዳውን ተደግፎ ተነሳና "ደግፊኝ" አላት። ጋሪው ላይ ሲወጣ ፊቱ በላብ ታጠበ፤ ዶማውን ከእግሩ ሥር አኖረ። ልጃቸው ከመኝታዋ ሆና "አባዬን የት ልትወስጂው ነው?" ብላ ስትጠይቅ "ሥራ" አለቻት እናቷ።

ፀሐይ ሞቅ ሲል ከሹሙ አጥር ሥር ቆመች። ሌላውን ድንጋይ አልነካችም። ሰማያዊ ያለበትን ብቻ፣ ምላ የእኔ ነው የምትለውን፣ በዶማው ጫፍ እየፈለቀቀች ለባሏ ታቀብለዋለች፤ ባሏ ጋሪው ላይ ይደረድራል። አጥሩ ጥርሱ እንደረገፈ አፍ ሆነ። ሹሙ ቁርሱን አቋርጦ ወጣ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ምን እየሠራሽ ነው?"

"መንገድ እየጠገንኩ ነው።"

"አጥሬን እያፈረስሽ?"

"አጥሩ የእርስዎ ነው። ድንጋዩ የመንገዱ ነው።"

"በየትኛው ደንብ?"

ዶማዋን አቁማ ቃል ሳትስት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አለችለት። ከዚያ "ካላመኑኝ ሰሌዳው ላይ አለልዎት። እርስዎ መቼም ማንበብ ይችላሉ" አለችው።

ሹሙ ኮቱን በሸሚዙ ላይ ደርቦ ወደ ኬላው ገሰገሰ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። "ከሩቅ የመጣ አልነበረም እንዴ?" አለች ለማንም ሳይሆን።

"ከወንዙ ነው፣ እትዬ። ለእግረኛ ሩቅ ነው" አላት የአጣቢዋ ባል ከጋሪው ላይ።

ሹሙ ሰሌዳውን አንብቦ ሲመለስ ጉድጓዱ ከግማሽ በላይ ሞልቶ ነበር። ፊቱ ሌላ ሆኗል። ኮቱን ቆልፎ ከዳር ቆመ። እሷም ቀና አላለችም። ትልልቁን ከሥር፣ ትንንሹን ከላይ አድርጋ፣ በመሃሉ ጠጠርና አፈር እየጠቀጠቀች፣ በእግሯ ረገጠችው። ሹሙ ጥቂት ቆይቶ ወደ ቤቱ ገባ፤ በሩም ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ረግጣ ስትጨርስ አልተዋጠላትም። ጋሪው ላይ ጭና ያመጣችውን የማጠቢያ ገንዳ እስከ አፉ ውሃ ሞላችና ባሏ ጭን ላይ አስቀመጠችው፤ ጋሪውን ነዳችበት።

"ፈሰሰ?"

"ጉልበቴን አራሰኝ።"

ወርዳ ሁለት ድንጋይ ጨመረች፣ ረገጠች፣ እንደገና ነዳች። "አሁንስ?" "ጣቴን ብቻ።" ሦስተኛ፣ አራተኛ ጊዜ አመላለሰችው። ሰው ቆሞ ያያል፤ የሚስቅም አለ። በስድስተኛው ውሃው የገንዳው ከንፈር ላይ ተወዛወዘና ተመለሰ።

"ደረቅ ነኝ" አላት ባሏ። "አሁን ተይኝ፣ ዳሌዬን ጨረስሽው።"

ሐሙስ ልጇን ፍራሽ ላይ አስተኝታ፣ በቅሎዋን በቀስታ እየነዳች ኬላው ጋ ደረሰች። ከልጅቷ እግር ሥር አንድ ድንጋይ አለ።

"ድንጋዩን ክምሩ ላይ አትጥዪም?" አለ ጋሽ ይለፍ።

"አይ። እዚያው መንገዱ ላይ ነው የምጥለው። አንተ ግማሹን ተቀበልና ክፈት።"

ጋሽ ይለፍ በሩን ከፈተ። የተለመደ ቃሉን ሊል አፉን አሹሎ ልጅቷን አየና፣ "በሰላም ግቡ" አለ።

ከኬላው አልፈው ጥቂት እንደሄዱ ልጅቷ በሁለት እጇ የጋሪውን ጎን ፈለገች።

"እማ፣ ጉድጓዱ ጋ ስንደርስ ንገሪኝ፣ ልያዝ።"

"አልፈነዋል" አለች አጣቢዋ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል።